ማሰሪያውን ያልፈታው

ውድ መሮ፣

እዚያ ምን ብለው እንደሚጠሩህ አላውቅም። አዲስ ስም ሰጥተውህ ይሆናል። እኔ የማውቅህ በዚህ ነው። እንጨት ላይ መሮ ስትይዝ እጅህ ስለማይሳሳት እኔው ያወጣሁልህ ስም ስለሆነ፣ መልሺልኝ እስክትል ድረስ እጠራህበታለሁ።

የአበምኔቱ ወረቀት ደርሶኛል። አራት መስመር ናት። ወንድማችን የምንኩስና ቃል ኪዳን ከመግባቱ በፊት፣ ቀድሞ ታጭታለት የነበረችው እህታችን በእሱ ላይ ቅሬታም ሆነ ጥያቄ እንደሌላት በፊርማዋ ታረጋግጥልን ትላለች። ከታች ባዶ መስመር አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስትህ ልሆን ስዘጋጅ ኖሬ፣ እህትህ መሆኔን በፖስታ ተረዳሁ።

ወረቀቷ ብቻዋን ብትመጣ ኖሮ፣ አጠገቤ ባገኘሁት እርሳስ ፈርሜ እመልሳት ነበር። ንዴት ይደክማል መሮ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ተሸክሜው ስዞር ክንዴ ዝሏል። ግን በዚያው ሳምንት ስብከትህ መጣ።

ያመጡት እትዬ ባለመነጽር ናቸው። አታውቃቸውም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የመጡት። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ በስኳር በሽታ ግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች ተቆርጠዋል። የእግራቸውን ቅርጽ በጀሶ ስንወስድ እንዳይሰለቻቸው ሁልጊዜ የሚነበብ ነገር ይዘው ይመጣሉ። የዚያን ቀን የያዙት የጸሎት ቤታቸውን መጽሔት ነበር።

"ስሚማ ልጄ" አሉኝ፣ "አንድ ወጣት መናኝ የጻፈው ነው። አምላክ ሰው ስለመሆኑ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።"

"ያንብቡልኝ፤ እግርዎን ግን አያንቀሳቅሱ" አልኳቸው። እጄ እስከ ክርኑ ጀሶ ነበር።

አነበቡ። ጸሐፊው ወደ ገዳም ከመግባቱ በፊት ሰው ሠራሽ እግር ይሠራ ነበር። በሚሠራበት ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ማንም ሰው የሌላ ሰው እግር ከመሥራቱ በፊት የራሱን ጉልበት አጥፎ፣ በእንጨት እግር ላይ ታስሮ፣ ሰባት ቀን ይሄድበታል። እግዚአብሔርም እንዲሁ አደረገ ትላለህ። የሠራውን ሰው ሕመም ከላይ ሆኖ ማወቅ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ወርዶ፣ ታስሮ፣ አብሮን አነከሰ።

አልዋሽህም፣ ደነገጥኩ። ኩራትም ነገር ተሰማኝ፤ የኛ ቤት ልጅ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አውቶቡሱ መጣ።

"‘በአራተኛው ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ’" አሉ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "‘የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ትንሽ ልጅ ቦርሳዋን አቅፋ ተነሳችና፣ ተቀመጥ፣ እኔ ሁለት አለኝ አለችኝ።’"

መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ።

"አያምርም?"

"ያምራል" አልኩ።

"ይህን ልጅ የወለደች እናት እንዴት የታደለች ናት! ኧረ ልጄ፣ ምነው? እግሬን እኮ አነቅሽው!"

ሳላውቀው ፋሻውን አጥብቄው ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ፈታሁትና እንደገና ጀመርኩ። እሳቸው ከፖስታ ቤቱ ደረጃ መውደቅህን ሲያነቡ፣ ወረቀቶችህ ሲበተኑ፣ ባለ ኮቱ ሰውዬ በላይህ ተራምዶ ሲያልፍ፣ እኔ ጀሶዬን እየለቀለቅኩ አዳመጥኩ።

ያቺ ልጅ የኔ ናት መሮ። ያ ደረጃም የኔ ነው። ባለ ኮቱ ሰውዬ የተራመደው በኔ ላይ ነው። ይህን ሁሉ የነገርኩህ እኔ ነኝ፤ ከሥራ ወጥተን ከአጥሩ ጥግ ተቀምጠን፣ የቆሰለውን ጉልበቴን ጭንህ ላይ አስቀምጠህ። አንተ የቀየርከው "ተቀመጪ" የምትለዋን ቃል "ተቀመጥ" ማድረግ ብቻ ነው።

እኔ ለዚያች ልጅ እቀናለሁ። ከአንተ ይልቅ ለእሷ መቅናቴ ይገርመኛል። በሕይወቴ የራሴ ብቻ የሆነ ነገር ቢኖር ያቺ የወለቀች ጥርስ ነበረች፤ አሁን እትዬ ባለመነጽር ያንተ ናት ብለው ያለቅሱላታል። ምናልባት በየሳምንቱ ፊት ለፊትህ የሚቀመጡ ሴቶችም ያለቅሱላታል። ስንት ናቸው? ቀጭን ድምፅ ያላት፣ መዝሙር የምታወጣ አንዷ አለች? አትመልስልኝ። ይህን መጠየቄን ራሴ አልወደድኩትም፤ ግን ካልጻፍኩት ደብዳቤው ውሸት ይሆናል።

አንተስ በአራተኛው ቀን የት ነበርክ? ለአበምኔቱ ካልነገርከው እኔ ላስታውስህ።

የልምምዱን እግር በሥራ ቤታችን አማት እንለው እንደነበር አልረሳህም። ሳትጠራ ትመጣለች፣ ሰባት ቀን ሙሉ ከጎንህ አትነሳም፣ ምን በደልኩሽ ብትላት መልስ የላትም። አሠሪያችን ጋሽ ጀሶ ከግድግዳው አውርዶ ሲሰጠኝ፣ "ከአልጋሽ ስትነሺ ታስሪያለሽ፣ ልትተኚ ስትይ ትፈቻለሽ። በመሃል የሚፈታት ሰው እዚህ ቤት መዶሻም አያቀብልም" ነበር ያለኝ። እናቴ ደጅ ላይ ስታየኝ ጮኸች፤ "ሁለት እግር አሟልቼ ወልጄሽ አንዱን ምን አስጠላሽ?" አለች። ሰባቱን ቀን ጨረስኩ። ከጉልበቴ በታች ያለው ቆዳ ተልጦ፣ ወገቤ ዞሮ፣ በየትኛው ጠርዝ ላይ ስንት ሰዓት ላይ ማቃጠል እንደሚጀምር በቆዳዬ ተማርኩ።

ካራት ወር በኋላ ተራው ያንተ ሆነ። በሦስተኛው ቀን የምሳ ሰዓት ላይ ለጉልበትህ ቅባት ይዤ ክፍልህ መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። በሁለት እግርህ ቆመህ ጺምህን ትላጫለህ፤ እያፏጨህ። አማት ግድግዳውን ተደግፋ ታይሃለች።

"ለጋሼ እንዳትነግሪው" አልከኝ። "እኔ ያንቺን ስሰማ ገብቶኛል። ሕመምን ለማወቅ የግድ መታመም አለብኝ?"

ምን ማለት ነበረብኝ? ተጫጭተናል፣ እወድሃለሁ፣ ፊትህ ላይ ደግሞ የሳሙና አረፋ አለ። ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በሥራ ቤቱ አጥር ሥር ተንበርክኬ የማስርልህ፣ ማታ የምፈታልህ እኔ ነበርኩ። በስምንተኛው ቀን ጋሼ ቁስልህን ሊያይ ሲመጣ "እኔ አጥቤ አስሬለታለሁ ጋሼ፣ አይክፈቱት፣ አቧራ ይገባበታል" አልኩት። ከፋሻው ሥር ደህና፣ ያልተነካ ቆዳ ነበር። ጋሼ ትከሻህን መታ መታ አድርጎ መሮህን ሰጠህ።

ጤነኛ እግር በፋሻ ያሰረች ሴት እኔ ነኝ። ከበደልህ በፊት ይሄ የኔ በደል ነው፤ ይቀመጥልኝ።

ከዚያ ሠርጋችን ዐሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠረጴዛህ ላይ፣ ከሞረድ በታች፣ የታጠፈች ወረቀት አገኘሁ። "እግዚአብሔር ጠርቶኛል፤ ይቅር በይኝ።" እናቴ ቤት ለቤት እየዞረች እንግዶቹን አይምጡ ስትል ሰነበተች። ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ፣ "ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ ሄጄ ጸጉሯን ነጭቼ እመጣ ነበር። ለእሱ ምን ይደረጋል?" አለችኝ። እኔም የቸገረኝ እሱ ነበር። ሴት ብትሆን መልኳን አይቼ፣ አፍንጫዋን አጣጥዬ፣ ወይ አልቅሼ ወይ ስቄ ይወጣልኝ ነበር። በእግዚአብሔር የቀናች ሴት ለማን ታማዋለች?

ስለዚህ ሰለልኩት። አትሳቅ። ባሏን የወሰደችባትን ሴት ሰፈር ድረስ ሄዳ ከጥግ ሆና እንደምትመለከት ሚስት፣ እኔም ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማርኩት ማስረጃ ሳላይ እንዳልፈርድ ነው። አምላክ ሰው ስለመሆኑ የተጻፈውን፣ የቆየውንም የቅርቡንም፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ጉድለት ልፈልግበት ነበር የሄድኩት።

ምን እንዳገኘሁ ታውቃለህ? የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው። ዕድሜውን አብዛኛውን በሥራ ቤት፣ በእንጨት ፍቅፋቂ መሃል የኖረ። ውሃ የሚጠማው፣ ጀልባ ውስጥ እንቅልፍ የሚጥለው፣ ወዳጁ መቃብር ፊት ቆሞ የሚያለቅስ። አንድ ጊዜ ትንሽ ጥፍር የነበረው፣ እናቱ የቆረጠችለት። እጁ ላይ እሾህ ወይም ስንጥር ገብቶበት በጥርሱ ሳያወጣው አልቀረም፤ ይሄ በመጽሐፍ የለም፣ ግን እንጨት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አንተ ወደ እሱ ለመቅረብ ብለህ ሥራ ቤታችንን ጥለህ ሄድክ። እሱ እኮ እኛ ቤት ነበር። ሰው ለመሆን ያን ያህል ቁልቁል የወረደውን ጌታ፣ አንተ ሰው ላለመሆን ሽቅብ ትሮጥበታለህ።

መንፈስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልቀናሁ። ለኔ ግን እጅ ያለው ባላንጣ ደረሰኝ፤ ያውም ከኔ እጅ የተሻለ። መጀመሪያ በእሱ ቀናሁ፣ አንተን ወሰደብኝ ብዬ። አሁን ደግሞ ባንተ እቀናለሁ፣ ሳትነካው ስለ እሱ እንድትናገር የሚፈቅዱልህ ሰዎች ስላሉ።

እትዬ ባለመነጽር በሄዱ በሰዓቱ ጋሼ ፊት ቆምኩ። ቢላ ይስል ነበር።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።"

"ጎማው አለቀ ልትዪኝ ነው?"

"ጎማው አይደለም። የመሮ ፋሻ ነው።"

ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ቢላውን አስቀምጦ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣት በጣት።

"ስንት እግር ሠራ?" አለ።

"ዐሥራ አንድ።"

"መዝገቡን አምጪ።" ገጹን እየገለጠ፣ ቀና ሳይል፣ "እኔ ስደክም ይህን ቤት ላንቺ ልተው ነበር" አለኝ።

"አሁንስ?"

"አሁን ዐሥራ አንዱንም ጥሪያቸው። ከዚያ አማትን ከግድግዳው ታወርጃለሽ። ሰባት ቀን። ያን ፋሻ ያሰርሽለት ቀን ያንቺም ሰባት ቀን ፈርሷል።"

አልተከራከርኩም። ሁሉንም አግኝቶ ማየት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ዘጠኙ ደህና ነበሩ፤ ደህና የሆኑት አንተ ወደ ቤት ስትሄድ እኔ ወደ ኋላ እየቀረሁ ጠርዛቸውን እሞርድ ስለነበር ነው። ይህን አታውቅም። ያስረከብካቸው ቀን እየተመሰገንክ ስትወጣ፣ ጥግ ላይ ቆሜ አንተንም ምስጋናህንም እያየሁ እቀና ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ፍቅር ነው የምለው። አንዷ ልብስ ሰፊ ትንሽ ቆስላ አገኘኋት፤ አስተካከልንላት። ሾፌሩ ጋ ግን ቤቱ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። ትዝ ይልሃል አይደል፣ ያ ቀልደኛው፣ ፍሬን የሌለው መኪና ነኝ የሚለው። እግሩ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር።

"ዝናቡ ይውጣ ብዬ ነው" አለኝ ክራንቹን እያስተካከለ። "ጭቃ እንዳይነካው።"

"ውሸቱን ነው!" አለች ሚስቱ ከጓዳ። "ጉልበቱን ይበላዋል። ሦስት ቀን ሄዶበት ደም በደም ሆኖ መጣ።"

"ታዲያ ለምን አልመጡም?"

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። "ያ ጸጥተኛ ልጅ ደክሞ ነበር የሠራው። ሄጄ አመመኝ ብለው ይከፋዋል ብዬ ነዋ። ደህና ነው ለመሆኑ?"

ደህና ነው አልኩት።

ይህን አንብበህ ቁጭ በል መሮ። አንድ ዓመት ተኩል በክራንች የሄደ ሰው ነው፣ የሠሪውን ስሜት ሲጠብቅ። የተሠራለት ለሠሪው ታመመ። ስብከትህን ገልብጦ የኖረው እሱ ነው፤ መጽሔት ላይ ግን አልወጣም።

አሁን ይህን ስጽፍ አማት ታስራብኛለች። ስድስተኛው ቀኔ ነው። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይብሳል፤ አሮጌው ጠባሳ የት እንዳለ ታውቃለች። ትናንት ገበያው መንገድ ላይ ወደቅኩ፣ ሰውም አላነሳኝም፣ ማንም ሕፃን ጥርሷን አላሳየችኝም። የሚነገር ታሪክ የለውም። ያመኛል፣ በቃ። እንዲያው ለቀልድ ያህል፣ ካንተ የደረሰችኝ አማት እሷ ብቻ ናት፤ ተስማምተናል።

ጉልበቴን ወንበር ላይ አሳርፌ የስብከትህን መጨረሻ ደጋግሜ አነበብኩት። "በሰባተኛው ቀን ማሰሪያውን ፈታሁ፤ በሁለት እግሬ ወደ ቤቴ ስሄድ አምላክ ሰው መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ" ትላለህ። ስርቆቱን ልተውልህ። ይህች ዓረፍተ ነገር ግን ያንተው ናት፣ የተሳሳተችውም እሷ ናት። እሱ ማሰሪያውን አልፈታውም። ሥጋችንን ለሰባት ቀን አልተዋሰውም። ሲገድሉት በእሱ ሞተ፣ ሲነሳ በእሱ ተነሳ፤ ቁስሉን ፋሻ ሳያስርበት ለባልንጀሮቹ አሳያቸው፣ ንኩት አለ። ሲያርግም ይዞት ዐረገ። አሁን፣ እኔ ይህን በምጽፍበት ሰዓት፣ እንደኔ ያለ ጉልበት አለው። ሰው መሆን ለእሱ ጉብኝት አልነበረም። አንዴ ታሰረበት፣ ቀረ።

አንተ ግን የምታውቀው የሚፈታ ነገር ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ከአማት ተፈታህ። ዐሥራ ሁለት ቀን ሲቀረን ከኔ ተፈታህ። ቃል ኪዳንህ ደግሞ፣ ቆጥሬዋለሁ፣ ከዛሬ ዐሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል። የምፈራው ለኔ አይደለም። እዚያ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ በሁለት እግርህ ቆመህ ማፏጨት ሲያምርህ፣ ማን አጥር ሥር ተንበርክኮ ያስርልሃል?

ስለዚህ እንዲህ አድርጌያለሁ። ነገ ማታ አማትን እፈታታለሁ። ጋሼ ቁስሌን በዓይኑ አይቶ፣ ጠዋት ሣጥን ውስጥ አሽገን እንልካታለን፤ ፈቅዷል፣ "አዲስ እንሠራለን" ብሏል። በሁለት ቀን ትደርስሃለች። ስምንት ቀን ይተርፍሃል፣ የሚያስፈልግህ ሰባት ነው። የሾፌሩን አዲስ እግር እኔ እየሠራሁለት ስለሆነ ስለ እሱ አታስብ፤ ወይም አስብ።

የአበምኔቱን ወረቀት ፈርሜያታለሁ። በብዕር። "ቅሬታ የለኝም" የሚለውን ሰርዤ "ቅሬታ አለኝ፣ ግን አልከለክለውም" ብዬ ጽፌበታለሁ፤ አበምኔቱ የተማሩ ሰው ከሆኑ ልዩነቱ ይገባቸዋል። ወረቀቷ በአማት ጎድጓዳ ውስጥ፣ ጉልበት ከሚያርፍበት ስፖንጅ ሥር፣ ተጣጥፋ ትገኛለች። ለማውጣት መታሰር አያስፈልግህም። ሣጥኑን ከፍተህ፣ ሁለት ጣትህን ሰድደህ፣ በደቂቃ ትወስዳታለህ። ማንም አያይህም፣ እኔም አላውቅም፣ ዳግመኛም አልጠይቅህም። ወይም ሰባት ቀን ትሄድባትና፣ በላብህ ረጥባ፣ በጉልበትህ ተደፍጥጣ ታወጣታለህ። ያን ጊዜ ልጅቱን ካውቶቡሱ ውሰዳት። ደረጃውንም ውሰደው። እሰጥሃለሁ።

እስከዚያው ግን የኔ ናቸው።

እቀናለሁ፣ አልተሻለኝም። የተሻለኝ ጊዜ አልጽፍልህም።

ሣጥኑ ውስጥ ፋሻ አላስቀምጥልህም።

ዘጠኙን እግር የሞረደችው